ልቡ የወጣ እንሰት

የዕፅዋትን ሆርሞኖች መጀመሪያ የተዋወቅኋቸው በቡና አበባ ሽታ ነው። ያደግሁት ጨለለቅቱ አጠገብ ነው፤ ከዲላ ወደ ደቡብ ተጉዞ ይርጋ ጨፌን ሲያልፉ በሚገኘው በኮቸሬ ወረዳ። በጋው ሲጠና የቡናው ቅጠል ጠውልጎ ይንጠለጠላል። ከዚያ አንድ ማታ ደህና ዝናብ ይጥላል። እናቴ ከዚያች ማታ ጀምራ ቀን ትቆጥራለች። ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ጠዋት በሩን ስንከፍት ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ሽታው ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለን ነበር። አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ልጅ ከእናቴ ቁጣ አያመልጥም።

እናቴን የሚያስጨንቃት የዝናቡ መቅረት ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ ጠብ ጠብ እያለ መምጣቱም ያስጨንቃት ነበር። «ከፋፍሎ ካበበ ከፋፍሎ ይቀላል» ትላለች። እውነቷን ነው። የቡና እምቡጥ ከአበባው ወራት በፊት ተሠርቶ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ካደገ በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተክል ውኃ ሲጠማው የሚበዛው አብሲሲክ አሲድ ይዞ ያቆየዋል። ዝናቡ ሥሩን ሲያርሰው ይህ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ጂብሬሊን የሚባለው ደግሞ ይነሳና እምቡጡን ይገፋዋል። የቅርብ ዓመታት ጥናቶች ኤቲሊንም በዚህ ጉዳይ ድርሻ እንዳለው ያመለክታሉ። እንግዲህ በጋው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ እምቡጦቹን ሁሉ አንድ ደረጃ ላይ አቁሞ የሚያጠራቅማቸው እሱ ነው። ጥም ያልደረሰበት ቡና ትንሽ ትንሽ እያለ ያብባል፤ ለቃሚውም ለአንድ ዛፍ ደጋግሞ ይመላለሳል። እናቴ ይህንን የምታውቀው በወገቧ ነበር።

ከአበባው ይበልጥ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የአያቴ የእንሰት ሥራ ነው።

በእኛ አካባቢ እንሰት መፋቅና ቆጮ ማዘጋጀት የሴቶች ሥራ ነው፤ ማባዛትና መትከል የወንዶች። እኔ ሴት ልጅ ብሆንም አያቴ ከጎኑ አላባረረኝም። ቢላውን የማቀብለው፣ አፈሩን በእጄ የማለሰልስለት እኔ ነበርኩ። እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ በመዋለድ ግን ይለያያሉ። ሙዝ ማንም ሳይጠይቀው ከሥሩ ልጅ ያወጣል። እንሰት ብቻውን ያድጋል፤ አንዴ ያብባል፣ ያፈራል፣ ይሞታል። ከፍሬው ዘር ማብቀል ይቻላል፤ ነገር ግን ገበሬው ስሙንና ጠባዩን የሚያውቀውን ዓይነት ሳይቀየር ለልጁ ማውረስ ከፈለገ ከአሚቾው፣ ከመሬት በታች ካለው ወፍራም አካሉ፣ ችግኝ ማስወጣት አለበት። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ኑሮው በእንሰት ላይ ነው ይባላል። ያ ሁሉ ሰው የሚበላው በዚህ መንገድ ተበዝቶ የመጣውን ነው።

አያቴ ጥር አካባቢ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ገና ያልጎለመሰ ግን አሚቾው የወፈረ እንሰት ይመርጣል። ይነቅለዋል። ግንዱን ከአሚቾው በላይ ጥቂት ጣት ብቻ አስቀርቶ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ያለውን ለማየት ሁልጊዜ እጠጋ ነበር፤ በቢላው ጫፍ መሃሉን ዙሪያውን ቆፍሮ ልቡን ያወጣዋል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የእጄን መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው። አሚቾውን አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ያሳድረውና ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የከብት ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ይመልስበታል።

አንድ ጊዜ፣ «አባባ፣ ግንዱ ከተቆረጠ አይበቃም? ልቡን ለምን ታወጣዋለህ?» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ለቆጮ ከተነቀሉት አጠገብ አንዱን እንሰት በቆመበት ቦታ ላይ ግንዱን ቆረጠና፣ «ነገ ጠዋት ነይና እዪው» አለኝ። ጠዋት ስመለስ ከተቆረጠው ግንድ መሃል ነጭ የቅጠል ጥቅል ከዙሪያው ልቆ ወጥቶ ነበር። በአንድ ሌሊት! አያቴ በጣቱ እያመለከተ፣ «አየሽ፣ ይኼ አሁንም አለሁ ይላል። እሱ አለሁ እያለ ሌሎቹ አይነሱም» አለኝ። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ስጠይቀው አሚቾውን ዳበሰው። ምንም አይታይም። «እዚህ ውስጥ ናቸው፤ ተኝተዋል።»

ግንድ የምንለው የእንሰት አካል በእርግጥ ግንድ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለለ የቅጠል እጀታ ነው። የሚያድገው ጫፍ ያለው ከታች፣ ከአሚቾው አናት ላይ ነው። ስለዚህ ሜትር ሙሉ ቢቆረጥ ጫፉ አልተነካም። አያቴ ይህን በማጉያ መሣሪያ አላየውም፤ ግን ቢላው ትክክለኛዋን ቦታ ያውቅ ነበር።

ሁለት ወር ገደማ ሲያልፍ ከተቀበረው አሚቾ ዙሪያ ቡቃያው አፈሩን እየሰነጠቀ ይወጣል። ልቡ በወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ክብ ሠርቶ፣ ተጨናንቆ፣ ከቀይ እስከ ፈዛዛ አረንጓዴ። እንደ እንሰቱ ዓይነት ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ይወጣል። እኔና ታናሽ ወንድሜ እየቆጠርን እንጣላ ነበር። ይህን ያህል ሕይወት በአንዲት ነጭ እብጠት ታግዶ መኖሩ ያን ጊዜም ይደንቀኝ ነበር፤ አሁንም ይደንቀኛል።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ሆርሞኖቹ በስማቸው መጡ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እያንዳንዱን ከሥራው ጋር ነበር፤ ኦክሲን ያስረዝማል፣ ሳይቶካይኒን ሕዋስ ያባዛል፣ ጂብሬሊን ዘር ያስበቅላል፣ ኤቲሊን ፍሬ ያበስላል። ለፈተና ይበቃ ነበር። ኤቲሊንን ብቻ ወዲያው አመንኩት፤ ምክንያቱም በቤታችን አቮካዶ ዛፍ ላይ ሳለ ለስልሶ አያውቅም፣ ከተለቀመ በኋላ ከበሰለ አቮካዶ ጋር ጭድ ውስጥ ሲቀበር ግን ይፈጥናል። የበሰለው ጋዝ ይተነፍሳል፤ ያልበሰለው ያንን ተቀብሎ ይበስላል፣ እሱም ይተነፍሳል። ፍሬ ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚሠራ በ1934 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በፖም ላይ ተረጋግጧል።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ስንማር መምህራችን ሰሌዳው ላይ ባቄላ ሣሉ። በ1933 እ.ኤ.አ. ኬነት ቲማንና ፎልክ ስኩግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የባቄላን ጫፍ ቆረጡ፤ በቅጠሎቹ ብብት የተኙት ቡቃያዎች ተነሱ። ሌላ ባቄላ ጫፉን ቆርጠው በቁስሉ ላይ ኦክሲን ያለበት ነገር አስቀመጡ፤ ቡቃያዎቹ ተኝተው ቀሩ። ጫፉ ባይኖርም ከእሱ የሚወርደው ነገር እስካለ ድረስ ጫፉ እንዳለ ነው ማለት ነው።

እጄን አውጥቼ የአያቴን እንሰት ተናገርኩ። መምህሩ ጠመኔውን ሰጡኝና ሰሌዳው ላይ አሚቾ እንድሥል አዘዙኝ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእኔም የእሳቸውም አልነበረም። ከሲዳማ የመጣው ልጅ እነሱ ጋ እንዴት እንደሚደረግ ተነስቶ ተናገረ። የጉራጌዋ ልጅ አባቷ አሚቾውን ሰንጥቆ እንደሚቀብረው፣ ከወላይታ የመጣው ደግሞ ስንት ቀን እንደሚያሳድሩት እየተከራከሩ ሰዓቱ አለቀ። በተማሪነት ዘመኔ እንደዚያ ሰዓት የምወደው የለኝም። ሁላችንም የአንድ ሙከራ ልጆች መሆናችንን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

የደብተሬ ዝርዝር የፈረሰውም ከዚያ በኋላ ነው። ኦክሲን ከጫፉ ተነስቶ በግንዱ ውስጥ በሰዓት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ ነገር ግን የተኛው ቡቃያ ውስጥ አይገባም። ሳይገባ እንዴት ያስተኛዋል? መልሱ በሌሎች በኩል ነው። ኦክሲን በግንዱ ውስጥ ሲያልፍ ሳይቶካይኒን እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ሳይቶካይኒን ደግሞ ቡቃያን የሚቀሰቅስ ነው። በዚያው ጊዜ ስትራይጎላክቶን የሚባል ሌላ ሆርሞን እንዲበዛ ያደርጋል፤ ይኼኛው ቡቃያን የሚከለክል ነው። በቡቃያው ውስጥ ሁለቱም አንድ ዘረ-መል ጋ ይደርሳሉ። ሳይቶካይኒን ያጠፋዋል፣ ስትራይጎላክቶን ያበራዋል፤ ከበራ ቡቃያው ይተኛል።

በእኛ በጌዴኦ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይቀበላል፣ ያለዝባል ወይም ይመልሳል፤ የሚጸናው ሁሉም የደረሱበት ቃል ነው። የሆርሞኖችን ነገር እንዲህ አድርጌ ሳስበው ነው የገባኝ። ኦክሲን ያስረዝማል ብሎ መጻፍ የአንዱን ሽማግሌ ንግግር ብቻ ጽፎ ፍርዱን መተው ነው። ስኩግ ራሱ ከካርሎስ ሚለር ጋር ሆኖ በ1957 እ.ኤ.አ. ይህን በትምባሆ ሥጋ ላይ አሳየ። ኦክሲን በዝቶ ሳይቶካይኒን ሲያንስ ሥር ይወጣል፤ ሲገለበጥ ቅጠል ያለው ቡቃያ ይወጣል፤ ሲመጣጠኑ ቅርጽ የሌለው እብጠት ይሆናል። ያው ሥጋ፣ ያው ሁለት ሆርሞን፣ መጠናቸው ሲለያይ ሌላ አካል። ዛሬ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ፣ እንሰትም ጭምር፣ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የሚባዙት በዚህ ሕግ ነው። በእንሰት ላይ በዚህ መንገድ ከሠሩት መካከል ሙሉጌታ ዲሮ የተባሉት ተመራማሪ አሉ፤ የእሳቸውን ጽሑፍ ሳገኝ ከአንድ የአገር ሰው ጋር በውጭ አገር የተገናኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ቆርጦ የተኛውን መቀስቀስ ለቡናም ይሠራል፤ አባቴ ግን ቡናውን ለመጎንደል ዓመታት ፈጅቶበታል። የልማት ሠራተኛው ያረጀው ቡና ከመሬት ጉልበት በታች ተጎንድሎ እንዲታደስ ሲመክረው፣ አባቴ የሚያየው የሚቆረጠውን ዛፍና የሚቀርበትን ገንዘብ ነው። የተጎነደለ ቡና ደህና ምርት እስኪመልስ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ለልጆች ደብተር የሚገዛው ከቡናው ነው። ፍርሃቱ ትክክለኛ ፍርሃት ነበር፤ ገበሬ ለምክር አይመችም የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ አብረው ቢሠሩት እወዳለሁ። በመጨረሻ ዳር ያሉትን ጥቂቶች ጎነደለ። ግንዱ ዙሪያውን ቡቃያ አወጣ፤ አያቴም መጥቶ አየና እንሰቱን ያስታወሰው መሰለኝ፣ ሳቀ። ከቡቃያው ሁለት ሦስት ጠንካሮቹን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

ቡና አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። ቀጥ ብሎ ከሚያድገው ግንድ የተወሰደ ቁራጭ ሥር ካወጣ ቀጥ ያለ ዛፍ ይሆናል። ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደው ግን ሥር ቢያወጣም መሬት ለመሬት ሲንፏቀቅ ይኖራል፤ ቀና አይልም። ከየት እንደመጣ አይረሳም።

በእኛ ጓሮ እንሰቱ ከቡናው ጋር፣ በላያቸው ደግሞ ብርብራና ዋንዛ ነበሩ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንዲህ ያለ ጓሮ በጓሮ ላይ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። በጥላው ሥር የሚበቅል ችግኝ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ቅርንጫፍ ይነሳዋል። የላዩ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይበላና ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየውን ጥልቅ ቀይ ያሳልፋል። ችግኙ ልዩነቱን ይለያል፤ ኦክሲንና ጂብሬሊን ይነሳሉ፣ ግንዱ ይመዘዛል፣ የጎን ቡቃያው ይተኛል። አያቴ የላዩን ቅርንጫፍ እየመለመለ ብርሃኑን ሲለካ የሚያስተካክለው ይህንን ነበር።

አርሲ ያለው አጎቴ ስንዴውን ቱፎርዲ የሚባል የአረም ማጥፊያ ሲረጭ ያየሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። አረሙ በሁለት ቀን ተጠማዝዞ ተጣመመ። መርዝ መስሎኝ ነበር፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። ተክሉ ይህን ኦክሲን እንደ ራሱ ቶሎ አፍርሶ አይጨርሰውም። ኦክሲን ከልክ ሲያልፍ ኤቲሊን ያስነሳል፤ ኤቲሊን አብሲሲክ አሲድን ያስነሳል፤ ሰፊ ቅጠል ያለው አረም በራሱ ሆርሞኖች ይሞታል። ስንዴና ጤፍ በዚያ መጠን ይችሉታል።

ስትራይጎላክቶንን ያወቅሁበት መንገድ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያኮራኛል። ተክሉ ፎስፈረስ ሲርበው ይህን ሆርሞን ያበዛል፤ ከላይ ቅርንጫፉን ይቀንሳል፣ ከታች በሥሩ ወደ አፈሩ ይለቀዋል። አፈር ውስጥ ያለ ጠቃሚ ፈንገስ ይህን ሰምቶ ሥሩ ጋ ይመጣና ፎስፈረስ ያመጣለታል። ችግሩ ሌላም የሚሰማ መኖሩ ነው። አቀንጭራ! በሰሜንና በምሥራቅ የአገራችን ቆላዎች የማሽላን ሥር ጠብቶ እርሻ የሚያጠፋው ጥገኛ አረም፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይህንኑ ምልክት ይጠብቃል። የመጀመሪያው የዚህ ወገን ውህድ በ1966 እ.ኤ.አ. የተገኘው አቀንጭራን የሚቀሰቅስ ነገር ሲፈለግ ነው። ቅርንጫፍ የሚቆጣጠር ሆርሞን መሆኑ የታወቀው ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ።

በወሎንኮሚ የተወለዱት ተመራማሪ ገቢሳ እጄታ ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ማሽላውን ሥሩ አጠገብ አቀንጭራ በማብቀል መረመሩት፤ አቀንጭራን የማይቀሰቅሰውን እየለዩ አዳቀሉ። «ጎብዬ» እና «አብሺር» የሚባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ እሳቸው የተሳተፉበት ጥናት ምስጢሩን ገለጠው፤ ተቋቋሚው ማሽላ ስትራይጎላክቶን መሥራቱን አልተወም፤ የሚለቀውን ዓይነት ቀይሯል። ፈንገሱ አሁንም ይሰማል፤ አቀንጭራ ግን ብዙም አይነሳም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ።

ዛሬ በጌዴኦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ወደ አያቴ መለሰኝ። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የአተርን ጫፍ ቆርጠው፣ ከቁርጡ ብዙ ሳንቲ ሜትር ርቆ የተኛውን ቡቃያ ሰዓት ይዘው ጠበቁት። የኦክሲን መጉደል በሰዓት አንድ ሳንቲ ሜትር እየሄደ እዚያ ከመድረሱ በፊት ቡቃያው ተነሳ። የቀደመው ስኳር ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ይስበው የነበረው ስኳር ወደ ጎን ዞረ፤ ጫፉ ያልተቆረጠን ተክል እንኳ ስኳር ሲመግቡት ቡቃያው ይነሳል። ኦክሲንና ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ይቀጥሉበታል። አያቴ አሚቾ ሲመርጥ ከቁመቱ ይልቅ ውፍረቱን የሚያየው፣ «ምግብ የሌለው ልጅ አያሳድግም» እያለ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጥር ከተማሪዎቼ ጋር ሙከራ አዘጋጅተናል። ከአንድ ዓይነት እንሰት፣ ከአንድ ጓሮ፣ ወፍራምና ቀጭን አሚቾ እንቀብራለን። ከፊሉ ግንዱ ብቻ ይቆረጣል፤ ከፊሉ ልቡ ይወጣል፤ ከፊሉ ልቡ ወጥቶ በቀዳዳው ውስጥ ሥር ለማስያዝ የሚሸጠው ኦክሲን በቫዝሊን ተለውሶ ይቀባል፤ የቀረው ቫዝሊን ብቻ። የባቄላው ነገር በእንሰትም ከሠራ፣ ኦክሲን የተቀባው አሚቾ ቡቃያውን ያዘገያል ብዬ እጠብቃለሁ። ቀጭኑ አሚቾ ግን ልቡ ቢወጣም ስንት ያወጣል? በዚህ ላይ ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ የአሚቾዎቹን ክብደት የመዘገቡበት ደብተር ሳይንስ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ቢላውን የሚይዙት ደግሞ የአንዷ ተማሪ አባት ናቸው።